ለፎቶግራፍ ማረሚያ የሚሆን፣ ዋጋው መጠነኛ የሆነ የኮምፒዩተር ሞኒተር አመራረጥ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



አንድ ግንበኛ የሚለካበት ሜትር ጥቂት የተዛባ መሆኑን ሳያውቅ ቤት ቢሠራ፣ ግድግዳው በሚቆምበት ጊዜ ስሕተቱ አይታየውም። ስሕተቱ የሚገለጠው በሌላ ሜትር ተለክተው የመጡት በርና መስኮት በቦታቸው አልገባ ሲሉ ነው። ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር የሚያርም ሰውም ዕጣው ይኸው ነው። በገዛ ሞኒተሩ ላይ እስካለ ድረስ ሥራው ሁሉ ያማረ መስሎ ይታየዋል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ምስሉ ከቤቱ ወጥቶ በወረቀት ላይ ሲታተም ወይም በሌላ ሰው ሞኒተር ላይ ሲከፈት ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ የሚገኝ አነስተኛ ፎቶ ቤት ይታሰብ። ባለቤቱ ያጠራቀመውን ገንዘብ በካሜራና በኮምፒዩተር ላይ ካዋለ በኋላ፣ በተረፈው ገንዘብ ገበያ ላይ ካያቸው ሞኒተሮች ሁሉ ትልቁንና ብርሃኑ እጅግ የደመቀውን ይገዛል። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው የሠርግ አልበም ነው። ሙሽራዪቱ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው ለብሳለች፤ ጥለቱ ወርቅማ ነው። ባለ ፎቶ ቤቱ ምስሉ ከመጠን በላይ የበራ ስለሚመስለው ያጠቁረዋል፤ ነጩ ልብስ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስለሚመስለው ቢጫ ይጨምርበታል። አልበሙ ታትሞ ሲመጣ ግን የሰዎቹ ፊት ጠቁሯል፣ ነጠላው የከረመ ቅቤ መስሏል። ቤተ ዘመድ ያጉረመርማል፤ ባለ ፎቶ ቤቱ ማተሚያ ቤቱን ይወቅሳል፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ የተላከለትን እንዳለ ማተሙን ይናገራል። በመጨረሻ የድጋሚ ኅትመቱን ወጪ የሚከፍለው ባለ ፎቶ ቤቱ ነው። ጥፋቱ የዓይኑም የእጁም አይደለም፤ የተዛባው ሜትሩ፣ ማለትም ሞኒተሩ ነው።

እንዲህ ያለው ጉዳት ፎቶግራፍ አንሺዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የድልድይን ዝገት፣ የግድግዳን እርጥበት ወይም የአፈርን ቀለም በፎቶግራፍ መዝግቦ ሪፖርት የሚያቀርብ መሐንዲስም በዚሁ ሜትር ይለካል። ደግነቱ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ጠባዮች ሞኒተርን እጅግ ውድ የሚያደርጉት ጠባዮች አይደሉም። ገዢው የሚፈልገውን ለይቶ ካወቀ፣ በመጠነኛ ዋጋ የታመነ መሣሪያ ሊያገኝ ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማም የትኛው ጠባይ ገንዘብ የሚገባው፣ የትኛው ደግሞ የማይገባው እንደ ሆነ መለየት ነው።

፩. የፓኔሉ ዓይነት

በዛሬው ጊዜ በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጡት ሞኒተሮች በአመዛኙ በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠሩ ናቸው። አሠራራቸው በአጭሩ ቢገለጽ፣ ከበስተኋላ የሚበራ ብርሃን አለ፤ ከፊቱ የተዘረጋው የፈሳሽ ክሪስታል ንጣፍ በኤሌክትሪክ እየታዘዘ እንደ መጋረጃ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል፤ ያለፈው ብርሃን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያዎች በኩል ወደ ተመልካቹ ይደርሳል። ልዩነቱ ያለው ክሪስታሉ በሚንቀሳቀስበት ስልት ላይ ነው።

የመጀመሪያው በሰፊው የተሠራበት ስልት ቲ.ኤን. የሚባለው ነው። ማርቲን ሻትና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪሽ በስዊዘርላንድ አገር በእ.ኤ.አ. 1970 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገቡለት ይህ ስልት ርካሽና ፈጣን ነው። ነገር ግን ተመልካቹ ራሱን ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ባደረገ ቁጥር ቀለሙ ይለዋወጣል። ተቀምጦ ያረመው የፊት ቀለም ብድግ ሲል ሌላ ሆኖ ስለሚታየው፣ ፎቶግራፍ ለሚያርም ሰው ይህ ዓይነት ፓኔል በምንም ዋጋ አይመከርም።

ሁለተኛው ቪ.ኤ. የሚባለው ሲሆን ጥቁሩን እጅግ አጥልቆ ያሳያል። ከነጭ እስከ ጥቁር ያለው የብርሃን ልዩነት በአብዛኛው 3,000 ለ1 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለፊልም መመልከቻ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የጨለማው ክፍል ዝርዝር በመሐልና በዳር እኩል አይታይም። ጠይም ፊት ከጥላ ሥር የተነሣበት ምስል በዚህ ፓኔል ሲታረም፣ በጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር እንደ ዓይን አቀማመጥ ይታያል፣ ይጠፋልም።

ሦስተኛው አይ.ፒ.ኤስ. ነው። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ በጃፓኑ የሂታቺ ኩባንያ ለገበያ የበቃው ይህ ስልት ክሪስታሎቹን ከመስተዋቱ ጋር ትይዩ አድርጎ ስለሚያዞራቸው፣ ከጎንም ሆነ ከላይ ሲታይ ቀለሙ ብዙ አይለወጥም። የብርሃን ልዩነቱ በተለምዶ 1,000 ለ1 ያህል ስለሆነ ጥቁሩ እንደ ቪ.ኤ. አይጠልቅም። ነገር ግን በወረቀት ላይ የታተመ ምስል ከዚህ እጅግ ያነሰ የብርሃን ልዩነት ስላለው፣ ለኅትመት ለሚሠራ ሰው ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ቀድሞ ውድ የነበረው ይህ ፓኔል ዛሬ በርካሾቹ ሞኒተሮች ላይ ሳይቀር ይገኛል። እንግዲህ የመጀመሪያው ውሳኔ ቀላል ነው፤ አይ.ፒ.ኤስ. ይሁን።

፪. የቀለም ወሰን

ከፓኔሉ ቀጥሎ የሚጠየቀው ሞኒተሩ ስንት ቀለም ማሳየት እንደሚችል ነው። ዓለም አቀፉ የመብራት ጉባኤ በእ.ኤ.አ. 1931 የሰው ዓይን የሚለያቸውን ቀለሞች በሥዕላዊ ሠንጠረዥ አኑሯል። ማናቸውም ሞኒተር ከዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ሦስት ማዕዘን ቆርጦ የሚያሳይ ነው። ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት በእ.ኤ.አ. 1996 ያቀረቡትና በ1999 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ኤስ.አር.ጂ.ቢ. የሚባለው ወሰን ከእነዚህ ሦስት ማዕዘኖች አንዱ ነው። ኤስ.አር.ጂ.ቢ. ጠባብ ቢሆንም የጋራ ቋንቋ ነው። ብዙዎቹ የፎቶግራፍ ማተሚያ ቤቶች ምስል የሚቀበሉት በዚህ ሲሆን፣ በኢንተርኔት የሚላኩ ምስሎችም በአመዛኙ በዚሁ የተዘጋጁ ናቸው።

አዶቢ ኩባንያ በእ.ኤ.አ. 1998 ያወጣው አዶቢ አር.ጂ.ቢ. ከዚህ ይሰፋል፤ በተለይ በአረንጓዴና በውሃ ሰማያዊ በኩል። ይህን ወሰን በሙሉ የሚያሳዩ ሞኒተሮች ግን ውድ ናቸው። ጥቅማቸውም የሚታየው ከፍተኛ ጥራት ባለው የቀለም ማተሚያ ራሱ ለሚያትም ወይም ለመጽሐፍ ኅትመት ለሚሠራ ባለሙያ ነው። ከዚህም በላይ ሰፊ ወሰን ያለው ሞኒተር ቀለምን በማያስተዳድር ፕሮግራም ሲታይ፣ ቀዩን እሳት፣ አረንጓዴውን መርዝ አስመስሎ ያጋንናል። የሠርግና የልደት ፎቶግራፍ ለሚሠራ ፎቶ ቤት፣ ለሪፖርትም ምስል ለሚያዘጋጅ መሐንዲስ፣ ኤስ.አር.ጂ.ቢ.ን በሙሉ የሚሸፍን ሞኒተር በቂ ነው።

በዚህ ላይ ገዢውን የሚያሳስቱ ሁለት አነጋገሮች አሉ። አንደኛው በካርቶን ላይ «ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. 72 በመቶ» ወይም «45 በመቶ» ተብሎ የሚጻፈው ነው። ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. በእ.ኤ.አ. 1953 ለአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን የወጣ ወሰን ሲሆን፣ በስፋት ከእርሱ 72 በመቶ የሚሆነው ወሰን ከኤስ.አር.ጂ.ቢ. ጋር እኩል ነው። ስለዚህ 72 የሚለው ቁጥር ደግ ነው። 45 የሚለው ግን ከኤስ.አር.ጂ.ቢ. ሲሶ ያህሉ የጎደለ ማለት ነው፤ በብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገኘውም ይኸው ነው። እንዲህ ባለው ሞኒተር ላይ ቀይ ጥለት ጡብ መስሎ ስለሚታይ፣ አራሚው ቀለሙን አለቅጥ እንዲያጋንን ይገፋፋዋል። ሁለተኛው አሳሳች አነጋገር ስፋትንና ሽፋንን አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። አንድ ሦስት ማዕዘን ከሌላው ጋር በስፋት እኩል ሆኖ፣ በአቀማመጥ ግን ሊለያይ ይችላል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት «ኤስ.አር.ጂ.ቢ.ን ስንት በመቶ ይሸፍናል?» ተብሎ ነው። መልሱም ከ95 በታች ባይሆን ይመረጣል።

ከቀለሙ ብዛት ሌላ የቀለሙ ልክነት አለ። መሐንዲሶች ስለ ስሕተት ወሰን እንደሚናገሩ ሁሉ፣ በዚህም ሙያ በታዘዘው ቀለምና በታየው ቀለም መካከል ያለው ርቀት ዴልታ ኢ በሚባል ቁጥር ይገለጻል። 1 ያህል ሲሆን የሠለጠነ ዓይን እንኳ ልዩነቱን የሚያየው በጭንቅ ነው፤ ከ2 ወይም ከ3 በታች ከሆነ ለዚህ ሥራ መልካም ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ሞኒተሩን በፋብሪካ ለክተው ይህን ቁጥር ያስታውቃሉ። ለምሳሌ አሱስ የተባለው ኩባንያ ፕሮአርት ፒ.ኤ.248 ኪው.ቪ. ለተባለው ባለ 24 ኢንች ሞኒተሩ መቶ በመቶ የኤስ.አር.ጂ.ቢ. ሽፋንና ከ2 በታች የሆነ ዴልታ ኢ አስታውቋል። ይህ ሞኒተር ከውዶቹ ወገን አይደለም። የተጠቀሰው ይኸው ብቻ ይገዛ ለማለት ሳይሆን፣ በመጠነኛ ዋጋ ምን መጠየቅ እንደሚቻል ለማሳየት ነው።

፫. መጠንና የነጥብ ብዛት

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በመጠን ላይ ነው። ባለ 27 ኢንች ሞኒተር 1,920 በ1,080 ነጥብ ብቻ ሲኖረው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያርፉት 82 ነጥቦች ናቸው። የምስሉ ጥራት ሻካራ ስለሚመስል፣ አራሚው ያልደበዘዘውን ደብዝዟል ብሎ ያለመጠን ሊያስለው ይችላል። ያው የነጥብ ብዛት በ24 ኢንች ላይ 92 ይሆናል። በ27 ኢንች ላይ 2,560 በ1,440 ነጥብ ሲኖር 109 ይደርሳል፤ ይህም ለዓይን የሚስማማ ነው።

በሌላ በኩል 6,000 በ4,000 ነጥብ፣ ማለትም 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው የካሜራ ምስል ነጥብ በነጥብ ሲታይ፣ በመጀመሪያው ዓይነት ሞኒተር ላይ በአንድ ጊዜ የሚታየው ከ12 እጅ አንዱ ያህል ነው። በ2,560 በ1,440 ላይ ከ6 ተኩል እጅ አንዱ፣ በ3,840 በ2,160 ላይ ደግሞ ሲሶው ይታያል። የመጨረሻው የሚያስመኝ ቢሆንም፣ ዋጋው ከመብለጡ በላይ ኮምፒዩተሩንም ያደክማል። ስለዚህ ገንዘቡ ጠባብ ለሆነ ሰው 24 ኢንች፣ ጥቂት ለተረፈው ደግሞ 27 ኢንች ከ2,560 በ1,440 ጋር ይበቃል። በ24 ኢንች በኩል 1,920 በ1,200 የሆነ ከተገኘ ይመረጣል፤ የተጨመሩት 120 መስመሮች የፕሮግራሙን መሣሪያዎች ስለሚይዙ ለምስሉ ቦታ ይተርፋል።

፬. ገንዘብ የማይገባቸው ነገሮች

በማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፉት ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ ለፎቶግራፍ የማይረዱ ናቸው። ምስሉን በሴኮንድ 144 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ማደስ ለጨዋታ ይጠቅማል፤ ፎቶግራፍ ግን አይንቀሳቀስምና 60 ይበቃዋል። በሺኛ ሴኮንድ የሚቆጠረው የመልስ ፍጥነትም እንደዚሁ ነው። «የብርሃን ልዩነት ሚሊዮን ለ1» የሚለው የጀርባው ብርሃን እየጨመረና እየቀነሰ የሚያስገኘው የቁጥር ጨዋታ ነው፤ እንዲያውም በሥራ ጊዜ መጥፋት አለበት። በርካሽ ሞኒተር ላይ የሚለጠፈው ኤች.ዲ.አር. የሚል ምልክት፣ የመስተዋቱ ጎባጣነትና በውስጡ ያለው ድምፅ ማጉያ የፎቶግራፉን ቀለም አያቀኑም። ለእነዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ቀጥሎ ለሚነገረው ጉዳይ ቢውል ይሻላል።

፭. ከግዢ በኋላ የሚደረገው

ክቡራን አባላት፤ «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚለው አባባል በዚህ ሙያ በተለየ መንገድ እውነት ይሆናል። የሰው ዓይን አብሮት የቆየውን ብርሃን ሁሉ እንደ ነጭ ይቀበላል። ሰማያዊ ያጠላበት ሞኒተር ፊት ጥቂት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው ሰማያዊነቱን ይረሳዋል። ስለዚህም ሞኒተርን በዓይን ብቻ አስተካክሎ መጨረስ አይቻልም።

የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ወጪ የሌለው ነው፤ ይኸውም ብርሃኑን መቀነስ። ብዙ ሞኒተሮች 250 ካንዴላ በካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ ማብራት የሚችሉ ሲሆኑ፣ ከፋብሪካ የሚወጡትም ከፍ ባለ ብርሃን ላይ ተደርገው ነው። ለኅትመት ለሚሠራ ሰው የሚመከረው ግን ከ80 እስከ 120 ነው። በ250ና በ100 መካከል ያለው ልዩነት በፎቶግራፍ አንሺ አነጋገር ከአንድ ስቶፕ በላይ ነው። በመጀመሪያ የተነገረለት አልበም ጠቁሮ የወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ የነጩ ቀለም ሙቀት 6,500 ኬልቪን፣ ጋማው 2.2 እንዲሆን ይታዘዛል። ሞኒተሩ ኤስ.አር.ጂ.ቢ. የሚል ምርጫ ካለው እርሱን መምረጥ ጥሩ መነሻ ነው።

ሁለተኛው ክፍሉን ማስተካከል ነው። የፀሐይ ብርሃን ሞኒተሩ ላይ በቀጥታ አይውደቅ፤ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ደማቅ ቀለም አይኑረው። ጠዋት በመስኮት ብርሃን፣ ማታ በቢጫ አምፑል የታረሙ ሁለት ምስሎች ወንድማማች አይመስሉም።

ሦስተኛው መለኪያ ነው። ኮሎሪሜትር የሚባለው ትንሽ መሣሪያ በመስተዋቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀለሞቹን አንድ በአንድ ይለካል፤ ፕሮግራሙም ስሕተቱን የሚያርም መዝገብ ያዘጋጃል። ለዚህ የሚሆን አርጂል ሲ.ኤም.ኤስ. የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ። መሣሪያው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ሲታሰብ ውድ ነው፤ የመጠነኛ ሞኒተርን ዋጋ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ሊያወጣ ይችላል። ይሁን እንጂ በየቀኑ የሚያስፈልግ አይደለም። በወር ወይም በሁለት ወር አንድ ጊዜ ቢለካ ይበቃል። እንግዲህ አሥር ባልደረቦች እንደ ዕቁብ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ቢገዙና በየተራ ቢወስዱት፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ የአንድ አልበም ድጋሚ ኅትመት እንኳ ላይሆን ይችላል። መጠነኛ ሆኖ የተለካ ሞኒተር ውድ ሆኖ ካልተለካ ሞኒተር ይበልጣል። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ የሚታወስ ቢሆን፣ ይህ ይሁን።

መለኪያው እስኪገኝ ድረስ ደግሞ አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ከዘወትሩ ማተሚያ ቤት አንድ የታወቀ ምስል ያለ ምንም እርማት ይታተማል፤ ኅትመቱ በመልካም ብርሃን ከሞኒተሩ አጠገብ ተይዞ፣ ብርሃኑ ተቀራራቢ እስኪሆን ድረስ ሞኒተሩ ዝቅ ይደረጋል። ይህ ልኬት አይደለም፤ ነገር ግን ከትልቅ ስሕተት ያድናል።

፮. በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ ገዢው በሱቅ ውስጥ ሩብ ሰዓት ቢታገሥ ብዙ ይድናል። በፍላሽ አራት ምስሎች ይዞ ይሂድ። አንደኛው የነጭ ነጠላ ምስል ነው፤ እጥፋቱና ክሩ ካልታየ ሞኒተሩ ብሩሁን ክፍል ይውጣል። ሁለተኛው ጠይም ፊት በጥላ ውስጥ ያለበት ምስል ነው፤ ራስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያደረጉ ፊቱ መለዋወጡን ማየት ነው። ሦስተኛው ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ እያለ የሚሸጋገር ግራጫ ነው፤ እንደ ደረጃ ከተቆራረጠ ወይም በመሐል ሐምራዊና አረንጓዴ ከታየበት ጉድለት አለው። አራተኛው አንድ ወጥ ግራጫ ነው፤ በእርሱ ላይ የዳርና የመሐል ብርሃን ልዩነትና የሞቱ ነጥቦች ይታያሉ።

ያገለገለ ሞኒተር የሚገዛም ይህንኑ ይፈትን። ከቢሮ የወጣ የቆየ አይ.ፒ.ኤስ. ሞኒተር ከአዲስ ቲ.ኤን. ሊበልጥ ይችላል። ለምሳሌ ዴል ኩባንያ በእ.ኤ.አ. 2011 ያወጣው ዩ.2412 ኤም. ባለ 1,920 በ1,200 ነጥብ አይ.ፒ.ኤስ. ነው። ይሁን እንጂ የጀርባ ብርሃን በዕድሜ ይደክማል፣ ወደ ቢጫም ያደላል። ስለዚህ ሞኒተሩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በርቶ ከቆየ በኋላ ከአዲስ ጋር ጎን ለጎን ቢታይ ይመረጣል። መብራት እየጠፋ በሚመጣበትና ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ስፍራ ደግሞ የስታቢላይዘር ዋጋ ከሞኒተሩ ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ወደ ባለ ፎቶ ቤቱ እንመለስ ቢባል፣ ያ ሰው ያወጣው ገንዘብ አላነሰውም ነበር። ገንዘቡን የከፈለው ለስፋት፣ ለድምቀትና ለፍጥነት ነው፤ ሥራው የሚጠይቀው ግን ልክነትን ነበር። ባለ 24 ኢንች፣ አይ.ፒ.ኤስ. የሆነ፣ ኤስ.አር.ጂ.ቢ.ን በሙሉ የሚሸፍን ሞኒተር ቢገዛ፣ ብርሃኑን ወደ 100 ካንዴላ አካባቢ ቢያወርድ፣ ከሙያ ጓደኞቹም ጋር መለኪያ ቢጋራ ኖሮ፣ ሙሽራዪቱ በአልበሙ ውስጥ ራሷን ታገኝ ነበር፤ ነጠላዋም ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር።

ፎቶግራፍ ለባለቤቱ መታሰቢያ፣ ለመሐንዲስ ማስረጃ ነው። መታሰቢያውም ማስረጃውም የሚታመነው የተለካበት ሜትር ሲታመን ነው። ማኅበሩ መለኪያውን በጋራ ስለ መግዛት በሚቀጥለው ስብሰባው ቢመክርበት፣ ጥቅሙ ለአባላቱ ብቻ ሳይሆን ሥራቸውን አምኖ ለሚቀበላቸው ሕዝብም ይሆናል።